ሚዛኑ 82 አለ፤ ታዲያ የቱን መከላከያ ልውሰድ?

ቱሉ ዲምቱ ታክሲ መውረጃው ጋ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ጎረቤቴ ከፋሲካ በኋላ፣ ቅቤውም ዶሮውም ገና ሆዷ ውስጥ እያለ፣ ወጣችበት። 82 ኪሎ። ማታ በሬን አንኳኳች።

"ሲስተር፣ ለወፍራም ሴት መከላከያ አይሠራም የሚሉት እውነት ነው እንዴ?"

ነርስ ነኝ። ብሎካችን ውስጥ ይህን የማያውቅ ስለሌለ ማታ ማታ ሳሎኔ ክሊኒክ ይሆናል። ጥያቄው ግን ከሰማይ አልወረደም። አንድ ቦታ መከላከያ ልትወስድ ሄዳ "መጀመሪያ ቀንሺና ነይ" ብለዋት ባዶ እጇን ተመልሳለች። ይህ ከተባለ ሦስት ወር ሆኖታል። በሦስት ወር ውስጥ ኪሎ መቀነስ ይከብዳል፤ ማርገዝ ግን ቀላል ነው።

ለእሷ የነገርኳትን በቅደም ተከተል ልጻፈው። አጭሩ መልስ ይኸው፦ ይሠራል። ውፍረት ብቻውን ከየትኛውም መከላከያ አያግድሽም። ኪሎሽ የሚጠየቀው አራት ቦታ ላይ ነው። ያለ መከላከያ ከተገናኙ በኋላ የሚዋጠው ፖስት ፒል ላይ፣ ሁለት ሆርሞን ያለው ኪኒን ላይ፣ ጃዴል የሚባለው የክንድ መከላከያ መጨረሻ ዓመቱ ላይ፣ እና የሦስት ወር መርፌ ላይ። መርፌው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኪሎሽ መርፌውን አይነካውም፤ መርፌው ግን ኪሎሽን ሊነካው ይችላል።

1. በትክክል ተመዘኚ

የመንገድ ሚዛን መጥፎ አይደለም። ግን አስፋልቱ ያዘነብላል፣ ጫማሽ አለ፣ ጃኬትሽ አለ፣ ቦርሳሽ ትከሻሽ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ነጠላሽንና ስልክሽን አስቀምጠሽ ተመዘኚ። ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን ቢሆን ደስ ይለኛል። ሁዳዴን የጾመች ሴት በጾሙ መጨረሻ የተመዘነችውና ከበዓል በኋላ የምትመዘነው ላይገናኝ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቁጥር አትደንግጪ። ቀኑን ጨምረሽ ስልክሽ ላይ ጻፊው።

ቁመትሽንም ለኪ። ከሰፊ ሜትር ተውሰሽ፣ በባዶ እግር ግድግዳ ተደግፈሽ፣ ሌላ ሰው ጭንቅላትሽ ላይ መጽሐፍ አጋድሞ ምልክት ያድርግ። በግምት የምትናገሪውን ቁመት አትመኚው።

2. አንድ ሒሳብ ሥሪ

ኪሎሽን ለቁመትሽ ካሬ ማካፈል ነው። ጎረቤቴ 1 ሜትር ከ60 ናት። 1.60 በ1.60 ሲባዛ 2.56። 82 ለ2.56 ሲካፈል 32 ይመጣል። ሐኪሞች ቢኤምአይ የሚሉት ይህን ነው። ከ18.5 በታች ከሲታ፣ ከ25 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ 30ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ውፍረት ይባላል። "ተመችቶሻል" ሲሉሽ የኖርሽ ሰው ድንገት ይህን ስም ስትሰሚ ቅር ሊልሽ ይችላል። እኔም ቅር ብሎኝ ያውቃል። ግን እዚህ ጋ ቁጥሩ የሚፈለገው ደረጃ ለማየት ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዱን መከላከያ ከ1 እስከ 4 ያስቀምጠዋል። 1 ማለት ያለ ሐሳብ ተጠቀሚ ነው። 2 ማለት ጥቅሙ ከስጋቱ ያመዝናል። 3 ማለት ስጋቱ ያመዝናል፤ ሌላ አማራጭ ካልተገኘ በቀር ይቅር። 4 ማለት በፍጹም። ቢኤምአይዋ 30 እና ከዚያ በላይ ለሆነች ሴት የክንዱ፣ የሦስት ወር መርፌው፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕ፣ አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው የእናቶች ኪኒን ሁሉም 1 ናቸው። ሁለት ሆርሞን ያለው ኪኒን 2 ነው። ከ18 ዓመት በታች ሆና ቢኤምአይዋ ከ30 የሚበልጥ ልጅ መርፌው 2 ይሆንባታል። ለውፍረት ብቻ 3 ወይም 4 የተሰጠው የለም። ጎረቤቴን "ቀንሺና ነይ" ያላት ሰው ይህን ሰንጠረዥ ቢያይ ኖሮ ባዶ እጇን አይመልሳትም ነበር።

3. ኪኒን ካሰብሽ ግፊትሽን ሳትለኪ አትውጪ

በየፋርማሲው የሚሸጠው፣ በየቀኑ የሚዋጠው የተለመደ ኪኒን ሁለት ሆርሞን አለው፤ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን። ኤስትሮጅኑ ደም እግር ሥር ውስጥ የመርጋት ዕድሉን ከፍ ያደርጋል። ውፍረትም ለብቻው ያንኑ ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ ይደማመራሉ። ደረጃው ከ1 ወደ 2 የወረደው ለዚህ ነው።

መጠኑን ካላወቅነው ግን ፍርሃቱ ከበሽታው ይብሳል። ኪኒን ከማይወስዱ 10,000 ሴቶች በዓመት ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ደም ይረጋባቸዋል። ከሚወስዱት ከ3 እስከ 9። ከነፍሰ ጡሮች ከ5 እስከ 20። አራስ ቤት ውስጥ ደግሞ ቁጥሩ ከ40 እስከ 65 ይወጣል። ማለትም ኪኒኑን ፈርታ የተወችው ሴት ብታረግዝ የምትገባበት አደጋ ከፈራችው ይበልጣል።

ውፍረቱ ላይ ሌላ ነገር ሲደረብ ግን አልቀልድም። ግፊትሽ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይህን ኪኒን ተይው። ዕድሜሽ ከ35 በላይ ሆኖ ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነም ተይው። ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ የሚጀምር ሚግሬን ካለብሽ፣ ወይም ከዚህ በፊት እግርሽ ወይም ሳንባሽ ውስጥ ደም ረግቶ ከነበረ፣ በጭራሽ። እንዲህ ላለች ሴት ኤስትሮጅን የሌላቸው ብዙ አሉ።

አራስ ነሽ? ገንፎውም አጥሚቱም ኪሎ ጨምሮብሽ ይሆናል። የምታጠቢ ከሆነ ሁለት ሆርሞን ያለውን ኪኒን እስከ 6 ወር አትጀምሪ። ባታጠቢም ወፍራም ከሆንሽ ቢያንስ 6 ሳምንት ይለፍ። የክንዱን ግን ቀደም ብሎ ማስቀበር ይቻላል።

ኪኒኑን እየወሰድሽ አንድ እግርሽ ብቻ ቢያብጥና ቢያምሽ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርሽና ደረትሽን ቢወጋሽ፣ ሳሎኔ አትምጪ። በቀጥታ ሆስፒታል።

"ኪኒኑስ ያወፍራል ወይ?" ይሉኛል። የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ይህ ነው የሚባል ውፍረት አላሳዩም። ኪኒንን የሚያከሽፈው ከኪሎ ይልቅ መርሳት ነው። በየቀኑ ሳይዛነፍ ብትውጪው ከ1,000 ሴቶች 3 ያህል ብቻ በዓመት ያረግዛሉ። እንደ ሰው ኑሮ፣ አንዳንዴ እየተረሳ ሲወሰድ ግን ከ100 ወደ 7 ይወጣል። ከዚህ ሰፈር በሌሊት ተነስቶ መሃል ከተማ ሥራ የሚሄድ ሰው፣ ማታ ደክሞት ልብሱን ሳያወልቅ የሚተኛ ሰው፣ ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ያየው።

4. መርፌ የምትወጊ ከሆነ ኪሎሽን ተከታተዪ

አገራችን ውስጥ ከሁሉም የሚወደደው መርፌው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 23 በመቶ ያህሉ መርፌ ይወስዱ ነበር፤ የክንዱን 8 በመቶ፣ ኪኒንና ሉፕን ደግሞ 2፣ 2 በመቶ። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የሦስት ወሩ መርፌ ዴፖ ፕሮቬራ ይባላል፤ 150 ሚሊግራም ነው፤ 50 ኪሎም ሁኚ 100፣ መጠኑ ያው ነው። ወፍራም ስለሆንሽ "ሁለት ውጊኝ" ማለት የለብሽም፤ በቶሎ እየመጣሽ መወጋትም አያስፈልግሽም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በዪ። መርፌው ጡንቻ ውስጥ መግባት አለበት። ቂጥ ላይ ስብ ከበዛ አጭር መርፌ ጡንቻው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። "ሲስተር፣ ክንዴ ላይ ይሁንልኝ" በዪ። ይህን ስትጠይቂ የሚቆጣሽ ባለሙያ ካለ ጥፋቱ የሱ ነው። ከተወጋሽ በኋላ ቦታውን አትሺው።

አሁን ወደ ሐሜቱ። "መርፌ ያወፍራል" የሚባለው ባዶ ወሬ አይደለም። በአማካይ በዓመት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይጨምራል። አማካይ ስለሆነ ግን አንዷ ምንም ሳትጨምር ሌላዋ 8 ልትጨምር ትችላለች። የምትሰባ ሴት ቶሎ ትታወቃለች፤ በመጀመሪያው 6 ወር ከኪሎዋ 5 በመቶ በላይ ከጨመረች ከዚያ በኋላም የመጨመር ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። 60 ኪሎ ከነበርሽ 5 በመቶው 3 ኪሎ ነው። 80 ከነበርሽ 4 ኪሎ። ሁለተኛው መርፌ ካለፈ በኋላ፣ ለሦስተኛው ስትሄጂ፣ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ውጪ። ከዚህ ካለፈ ስለ ሌላ መከላከያ ማውራት ነው። ሌላውን ሳትይዢ መርፌውን ብቻ ማቆም ግን አይሆንም፤ እንዲህ አድርገው ያልታሰበ ልጅ የታቀፉ ጎረቤቶች አሉኝ።

ለመክሳት ብላ መርፌውን የምታቆም ሴት ሌላም ማወቅ አለባት። ዴፖ ከሰውነት ሲወጣ ቀስ ብሎ ነው። ካቆሙ በኋላ ማርገዝ ከሌሎች መከላከያዎች ወደ 4 ወር ያህል ይዘገያል። በቅርቡ መውለድ ለምትፈልግ ይህ ብዙ ነው።

ከሲታ ለሆንሽ ደግሞ፦ ዴፖ በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንት ጥንካሬ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሲቆም ይመለሳል። በጣም ቀጭን ሴት አስቀድሞም አጥንቷ ስስ ሊሆን ስለሚችል ለረጅም ዓመት ከማሰቧ በፊት ታማክር። "ይወፍሩበታል አሉኝ" ብለው ለመወፈር ሲሉ መርፌ የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። እባካችሁ! ለመወፈርማ ጩኮ አለ።

5. ክንድሽ ውስጥ ያለው የቱ ነው?

ክንድሽ ውስጥ የተቀበረው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ግማሹ ሰው "የክንድ" ይለኛል። የክንድስ ብዙ ዓይነት አለ። ኢምፕላኖን አንድ ዘንግ ነው፤ 3 ዓመት። ጃዴል ሁለት ዘንግ ነው፤ 5 ዓመት። ሁለት ዘንግ ሆኖ 3 ዓመት ብቻ የሚሠራም አለ። ስለዚህ በጣትሽ መቁጠሩ አይበቃም፣ ካርድሽን አውጪና ስሙንና ቀኑን አንብቢ። ካርዱ ከጠፋ ያስቀበርሽበት ሄደሽ መዝገብ ይታይልሽ።

ኪሎው የሚገባው ጃዴል ላይ ነው። 80 ኪሎና ከዚያ በላይ በሆነች ሴት ከ4 ዓመት በኋላ አቅሙ ይቀንሳል። 5ኛውን ዓመት አትጠብቂ፤ 4 ሲሞላ አስቀይሪ። ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ክንዷን ይዛ ቀረች። እህቷ ጃዴል አላት፣ 90 ኪሎ ትሆናለች፣ መቼ እንዳስቀበረች የሚያስታውስ የለም። እኔ ፊት ደወለችላት።

ከዚህ በቀር የክንዱ ከሁሉም አስተማማኝ ነው። ከ1,000 ሴቶች በዓመት 1 ብታረግዝ ነው። ቢሆንም ወፍራም ክንድ ላይ ጠልቆ እንዳይገባ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከተቀበረ በኋላ ከአልጋው ሳትወርጂ በጣትሽ ዳብሺው። ቆዳ ሥር ሊዳሰስሽ ይገባል። ካልተዳሰሰ እዚያው ተናገሪ። ነገ ሲወጣ እንዲያስቸግር አትፍቀጂ።

የክንዱን መከላከያ ከኪሎ ይልቅ የሚያዳክመው ሌላ መድኃኒት ነው። የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታው ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ኢፋቪሬንዝ ሆርሞኑን ቶሎ ይጨርሱታል። ዶሉቴግራቪር የምትወስዪ ከሆነ ስጋት የለም። ሚስጥርሽ ነው፣ ጎረቤት ይስማ አላልኩም፤ ግን ለሚቀብርልሽ ሰው ተናገሪ።

ሉፕ ላይ ብዙ የምለው የለም። የመዳቡ ሆርሞን የለውም፣ ኪሎሽንም አይጠይቅም፣ 10 ዓመት ይሠራል። ሆርሞን ያለውን ካገኘሽ ደግሞ ለወፍራም ሴት ሌላ ጥቅም አለው፤ የማህፀንን ግድግዳ ያሳሳል፣ በውፍረት ምክንያት ከፍ ከሚለው የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ይከላከላል።

6. ፖስት ፒል፤ ኪሎ የሚያሳስብበት ይህ ነው

ከሁሉም በላይ ልታነቢው የሚገባ ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፖስት ፒል የሚሸጥልሽ ሰው ኪሎሽን አይጠይቅሽም። ብር ትሰጫለሽ፣ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ይሰጥሻል፣ አለቀ።

ውስጡ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል ነው፤ ጠቅላላ 1.5 ሚሊግራም። አንዳንዱ ማሸጊያ ውስጥ አንድ ፍሬ ነው፣ አንዳንዱ ውስጥ 0.75 የሆነ ሁለት ፍሬ። ሁለት ፍሬ ካለው ሁለቱንም በአንዴ ዋጪ። የሚሠራው እንቁላል ከእንቁልጢ እንዳይወጣ በማዘግየት ነው። ለዚህ ሆርሞኑ ደም ውስጥ ተገቢው መጠን ላይ መድረስ አለበት፤ በወፍራም ሴት ደም ውስጥ ደግሞ መጠኑ ዝቅ ይላል። የእንግሊዝ መመሪያ ከ70 ኪሎ በላይ ወይም ቢኤምአይ ከ26 በላይ ከሆነ አቅሙ ሊቀንስ ይችላል ይላል። በ2013 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ አንድ ፖስት ፒል መግለጫው ላይ ከ80 ኪሎ በላይ አይሠራም የሚል ተጽፎበት ነበር። በዓመቱ የአውሮፓ መድኃኒት ባለሥልጣን ማስረጃው ለዚህ አይበቃም ብሎ አስነሳው። ስለዚህ 70 ኪሎ ላይ ጭራሽ የሚቋረጥ ነገር የለም፤ ኪሎ ሲጨምር እርግጠኝነቱ ይቀንሳል በይው።

"ታዲያ እጥፍ ልዋጥ?" የእንግሊዙ መመሪያ 3 ሚሊግራም ይፈቅዳል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ግን ቢኤምአያቸው ከ30 በላይ የሆነ ሴቶች እጥፉን ሲወስዱ እንቁላል በማዘግየት በኩል ልዩነት አላገኘም። እኔ እጥፍ የወሰደችን አልቆጣም፤ ተማምና እንድትቀመጥ ግን አልፈልግም።

እንዲህ አድርጊ። ሌላ መንገድ ከሌለሽ ያለሽን ፖስት ፒል ወዲያው ዋጪ። ኪሎዬ ከብዷል ብለሽ አትተይው፤ በከፊል መሥራቱ ከምንም ይሻላል። በ72 ሰዓት ውስጥ መሆን አለበት፣ ግን 72 ሰዓት ማለት "እስከ ሰኞ ጊዜ አለኝ" ማለት አይደለም። በየሰዓቱ አቅሙ ይቀንሳል። በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ድገሚው።

ከ70 ኪሎ በላይ ከሆንሽና ጉዳዩ የሚያሳስብሽ ከሆነ ግን የተሻለ መንገድ አለ። በ5 ቀን ውስጥ የመዳብ ሉፕ ማስገባት። ኪሎ አይነካውም፣ ከድንገተኛ መከላከያዎች ሁሉ አስተማማኙ ነው፣ ከዚያም ለዓመታት መከላከያሽ ሆኖ ይቀጥላል። ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ያለሽ እንደሆነ ሁሉም ቦታ ሉፕ የሚያስገባ ሰው ላይኖር ስለሚችል በታክሲ ከመንከራተትሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። ፖስት ፒሉን ውጠሽ በነጋታው ሉፕ ማስገባትም ይቻላል።

የወር አበባሽ ከቀኑ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ሽንትሽን አስመርምሪ።

7. ጤና ጣቢያ ስትደርሺ

የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነው የምትጠይቂው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ ነፃ ነው። ጠዋት ብትሄጂ ይሻላል፤ ከሰዓት አራሶችና ክትባት ያላቸው ሕፃናት አግዳሚውን ይሞሉታል። እንዲመዝኑሽና ግፊትሽን እንዲለኩ ጠይቂ። የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ ተናገሪ፤ ከገበያ የተገዛ የማክሺያ ሻይም ቢሆን።

"መጀመሪያ ቀንሺ" ካሉሽ በትሕትና እንዲህ በዪ፦ "እሺ፣ እቀንሳለሁ። እስከዚያ ድረስ የክንዱን ወይም መርፌውን ስጡኝ፤ ለውፍረት ደረጃ 1 ነው ይባላል።" ጎረቤቴ ይህን በቃሏ አጠናች። በሚቀጥለው ሳምንት ሄዳ ኢምፕላኖን አስቀበረች። ግፊቷ 130 በ85 ነበር፤ ኪኒን እመርጥ ነበር ስትል ነርሷ "ይቻል ነበር፣ ግን ሁልጊዜ እረሳለሁ ብለሽ ነግረሽኛል" አለቻት። ይህች ጥሩ ነርስ ናት።

8. ካርዱን በሩ ጀርባ ለጥፊው

ካርዱን መሳቢያ ውስጥ አታስገቢ። የሰፈራችን ቤት ጠባብ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ የገባ ወረቀት አይገኝም። በፕላስተር በሩ ጀርባ ላይ ለጥፊውና አጠገቡ የተመዘንሽበትን ኪሎና ቀን ጻፊ። ጃዴል ከሆነ 4ኛው ዓመት የሚሞላበትን ቀን አክብቢው፤ ዛሬ 72 ብትሆኚም ያኔ 81 ልትሆኚ ትችያለሽ። መርፌ ከሆነ ቀጠሮሽ በ13 ሳምንቱ ነው። ሐዘን ወጥተሽ ወይም ገጠር ሄደሽ ቢያልፍብሽ እስከ 4 ሳምንት ዘግይተሽም ብትመጪ ትወጊያለሽ፤ ከዚያ ካለፈ ግን መጀመሪያ እርግዝና አለመኖሩ መታየት አለበት፣ እስከዚያው ኮንዶም።